ንጉሡ ለማን ተነሡ?

በ1898 እ.ኤ.አ.፣ በነሐሴ ወር፣ የ79 ዓመቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ፎኖግራፍ ፊት ቀርበው ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታቸውን ተናገሩ። ድምፃቸው በሰም ጥቅል ተቀርጾ ባሕር ተሻገረ፤ ለቤተ መንግሥቱ ያቀረቡትም የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ናቸው። ምኒልክ መልእክቱን ቆመው አዳመጡ። መድፍም ተተኮሰ።

የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ለማሽን መነሣት! ነገር ግን በአገሩ ወግ የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጅ ይነሣለት ነበር። ምኒልክም የተነሡት ለፎኖግራፉ ቀንድ አልነበረም።

መርፌዋ በሚሽከረከረው ሰም ላይ የተቦረቦረውን ፈር ተከትላ ትሄዳለች፤ ንዝረቷ ስስ ሽፋን ይመታል፤ ቀንዱ ድምፁን ያወጣዋል። ጥቅሉ በተደመጠ ቁጥር ግን ፈሩ ይበላል። (ቅኔ ለሚወድ ጆሮ ግሩም ግጥምጥሞሽ ነው፤ እዚህ ሰሙ ካለቀ ወርቁም የለም።) የቪክቶሪያ ጥቅል በራሳቸው ፈቃድ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 የላኩት ምላሽ ግን ተርፎ፣ ዛሬም በሽሽታ መሐል ይሰማል።

የተረፈው ታዲያ ምንድን ነው? ሰዎቹ ናቸው ወይስ ጥላቸው?

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ በሥርዓቷ መልሳለች። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። ምኒልክ በ1889 በነገሡባት በእንጦጦ ማርያም፣ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ ይቀበላል፤ ሕዝቡ ሲቀበል ካህኑ ይቀጥላል። ድምፅ ማጉያ ዜማውን እስከ ባሕር ዛፉ ቁልቁለት ቢያደርሰው ችግር የለም፤ የተቀዳ ቅዳሴ ግን ለቅዳሴ አይቆጠርም። ሰም መናገር እንጂ መጠበቅ አያውቅም።

ቢሆንም የቪክቶሪያ ሰም መልስ አግኝቷል፤ ንግሥቲቱ ያረፉት በ1901 ነውና የምኒልክ ምላሽ በሕይወት ሳሉ ደርሷል። ንጉሡን ያስነሣቸው ይህ ይመስላል፦ ከቀንዱ ማዶ መልስ የምትጠብቅ ሕያው ሴት ነበረች። የምኒልክን የተቀዳ ድምፅ ዛሬ የሚሰማ ሰው፣ ቢወዳቸውም እንኳ፣ ተቀምጦ ነው የሚሰማው።

ምኒልክ ለእንግሊዝ ለጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ግቢ ዛሬም በየካ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ ኤምባሲ ነው። በአጥሩ ሥር ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሾፌሩ በማለዳ የተቀዳ ቅዳሴ ይከፍታል። ዲያቆኑ ሕዝቡ እንዲነሣ ያዝዛል። አንዲት እናት ያማትባሉ፤ ሌላዋ የሳንቲም መልሷን ትጠብቃለች። ከወንበሩ የሚነሣው «ወራጅ አለ» ያለው ብቻ ነው።