ባዶ የተመለሰ መንጠቆ

የለፋህበት ነገር ሳይሳካ ሲቀር በልብህ የሚፈጠረውን ቅሬታ አስተውለህ ታውቃለህን? ድካም ብቻ ነውን? ወይስ «ይገባኝ ነበር» የሚል ክስም አለበት?

ይህን ጥያቄ ያነሳብኝ ከአምቦ በስተ ምዕራብ የሚወርደው የጉደር ወንዝ ነው። ዓሣ ማጥመድ መማር የጀመርኩት በጎልማሳነቴ ነው። ባለቤቴን «ዛሬ ዓሣ ነው የምንበላው፤ ሽንኩርቱን ክተፊ» ብያት፣ ከመድረሳችን ልጆች አንዱን አስከትዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወረድኩ። እስከ ዐስር ሰላት ብንቀመጥ መንጠቆውን የነካ አልነበረም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ስንመለስ ልጁ «ኡስታዝ፣ ዱዓ አድርገን ነበር እኮ፤ አላህ ለምን ከለከለን?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ እኔም በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ነበርና።

ቆይቼ ራሴን መረመርኩ። መንጠቆዬ ትልቅ ነበር። ጥላዬን ውኃው ላይ ጥዬ እቆማለሁ። ዝምታ በሚያስፈልግበት ቦታ አወራለሁ። ይህን ሁሉ «ቀደር ነው» ብዬ ብሸፍነው ስንፍናዬን በአላህ ላይ ማላከክ ይሆንብኝ ነበር።

በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ይህን ዓሣ ብዙዎች የሚያጠምዱት ከላባና ከክር ተሠርቶ ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ነው። ውርወራው ከባድ ስለሆነ ጀማሪው ቀድሞ የሚይዘው ከኋላው ያለውን ቁጥቋጦ ወይም የገዛ ልብሱን ነው። ስለዚህም ተማሪዎች መጀመሪያ ሣር ሜዳ ላይ ይለማመዳሉ። ሜዳ ላይ ዓሣ የሚጠብቅ የለምና ባዶ እጁን በመመለሱ የሚያዝን የለም፤ የዕለቱ መለኪያ ውርወራው ነው።

ይሁን እንጂ ሰበቡን ሁሉ አድርሰህም ዓሣው ላይመጣ ይችላል። ታዲያ ያን ጊዜ ተጠልተሃል ማለት ነውን? ቁርኣን ስለ ዓሣ የሚነግረንን ሁለት ታሪክ አስተውል። በሱረቱል አዕራፍ እንደተወሳው፣ በባሕር ዳር ያለችው ከተማ ሰዎች ማጥመድ በተከለከሉበት በሰንበታቸው ዕለት ዓሣው ጎልቶ ይመጣላቸው ነበር፤ በሌላው ቀን ግን አይመጣም። መምጣቱ ፈተና ነበር። በሱረቱል ከህፍ ደግሞ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ወጣቱ ተከታያቸው ይዘውት የነበረው ዓሣ ከቋጥኙ ዘንድ ጠፋባቸው። የጠፋበት ቦታ ግን ይፈልጉት የነበረውን ዐዋቂ ባሪያ የሚያገኙበት ምልክት ሆነ። በቅርጫቱ ብቻ ብንፈርድ ኖሮ የከተማዋን ሰዎች ዕድለኞች፣ ሙሳን ደግሞ የተነፈጉ ባልን ነበር።

በሳምንቱ ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ ዱዓ ልመና ነው እንጂ ውል አይደለም። አላህ ዘንድ የቀረብነው ለማኝ ሆነን ነው፤ አበዳሪ ሆነን አይደለም። ከእኛ የሚጠበቀው ሥራውን ማሳመር ነው።» ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ትንሽ መንጠቆ እንግዛ» አለኝ። ከእኔ ንግግር ይልቅ የእርሱ አጭር ነበር።

ዛሬም ወደ ጉደር እወርዳለሁ። አንዳንድ ቀን አገኛለሁ፤ ብዙውን ቀን አላገኝም። ባለቤቴን ግን ሽንኩርት ቀድማ እንድትከትፍ አላዛትም።

አላህ ሰበቡን አድርሰው ውጤቱን ለእርሱ ከሚተዉት ያድርገን። አሚን።