ሰንበት የሚለካው ዓርብ ነው

ልጄ፣ ሞሻቭ በሚባለው የእርሻ መንደር ቤት ከተከራየህ ወዲህ በሰንበት በእግርህ ሄደህ በጎረቤቱ ከተማ ሐዘን ላይ ያለውን አጎትህን መጠየቅ ትችል እንደሆነ ጠይቀኸኛል። በስልክህ ካርታ ከበርህ እስከ በሩ መንገዱን አስልተህ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አይቻልም ብለህ ደምድመሃል። አትቸኩል። ትሁም ሻባት የሚባለው የሰንበት መንገድ ወሰን ከበርህ አይጀምርም፤ የሚቆረጠውም ቅዳሜ ጠዋት ጫማህን ስታጠልቅ ሳይሆን ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

መነሻው ኦሪት ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ መና በሚወርድበት ዘመን ሕዝቡ በሰባተኛው ቀን ከስፍራው እንዳይወጣ ታዘዘ። የሰው ስፍራው ግን የት ድረስ ነው? ሰንበት ሜዳ ላይ ለያዘው መንገደኛ አራት ክንድ ነው፤ ሰው ተጋድሞ እጅ እግሩን የሚዘረጋበት ያህል። ከተማ ውስጥ ላለ ግን ከተማው በሙሉ እንደዚያ አራት ክንድ ይቆጠርለታል። የነነዌን ያህል ቢሰፋ እንኳ ከዳር እስከ ዳር መዞር ይችላል። ከዚያ በላይ የሰንበት መንገድ ወሰን የሆነው 2,000 ክንድ ለሁለቱም ይሰጣል፤ ለከተሜው ግን የሚጀምረው የመጨረሻው ቤት ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከበርህ እስከ ሞሻቩ ዳር ያለውን በከንቱ ቆጥረኸዋል።

ቁጥሩ የተወሰደው ለሌዋውያን ከተሞች የሚሰጠው የዙሪያ መሬት ከተለካበት ከዘኁልቍ ምዕራፍ 35 ነው። ራቢ አኪቫ ወሰኑ የኦሪት ነው ሲል ሌሎቹ ጠቢባን የራሳችን ድንጋጌ ነው አሉ። የሕግ ሊቁ ራምባም 2,000ውን ለጠቢባኑ ሰጥቶ የኦሪቱን ወሰን 12 ሚል፣ ማለትም 24,000 ክንድ አድርጎታል። 2,000 ክንዱን በሜትር ስትመልሰው፣ ክንድን 48 ሳንቲ ሜትር ለሚያደርግ 960 ሜትር፣ ሐዞን ኢሽ በተባለው ራቢ ልክ ለሚሄድ 1,150 ሜትር ገደማ ይሆናል። የምትጸልይበት ምኩራብ ራቢ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቀው።

ከዚህ ሕግ ውስጥ እኔ ከሁሉ የምወደው አለካኩን ነው። የጠቢባኑ ሕግ በተሰበሰበበት በሚሽና፣ በኤሩቪን ምዕራፍ 5 እንደተደነገገው የመለኪያው ገመድ 50 ክንድ ነው፤ አይነስም፣ አይበልጥም። ሁለቱ ለኪዎች ጫፍና ጫፉን በልባቸው ትክክል ይይዛሉ። አንዱ ከአንገቱ፣ ሌላው ከእግሩ ቢይዝ ገመዱ ያዘነብላል፣ ልኩም ያጥራል። ሸለቆ ሲያጋጥማቸው ገመዱ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ከደረሰ ቁልቁለቱና ዳገቱ አይቆጠርም። ሰሜን ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል ቸርነት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ስልክህ የመንገዱን ጥምዝምዝ ሁሉ ደምሮብሃል፤ ሕጉ ግን ቀጥታውን ነው የሚያየው። ልኬቱን የሚሠራው የታወቀ ባለሙያ ሲሆን፣ ወሰኑ የት እንደሆነ ለመመስከር ግን የቤት አገልጋይ ቃል እንኳ ይበቃል። አንዱ ልክ ረዝሞ ሌላው ቢያጥር የሚወሰደው ረዥሙ ነው። ሕግ አክራሪ ነው ለሚሉህ ጓደኞችህ ይህንን ንገራቸው።

የከተማውም ዳር እንዲሁ ነው። ከተማው ክብ ቢሆን በዙሪያው አራት ማዕዘን ይሰመርለትና ማዕዘኖቹ ለነዋሪው ትርፍ ይሆናሉ። ከዳር ፈንጠር ያለ ቤት ርቀቱ ከ70 ክንድ ከሁለት ሲሶ ካልበለጠ ከከተማው ጋር ይቆጠራል። ሁለት ከተሞች ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ 141 ክንድ ከሲሶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እንደ አንድ ከተማ ናቸው። ራማት ጋንና ብኔ ብራክን የመሰሉ ቤት ለቤት የተያያዙ ከተሞች ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ትሁም አንድ ቀን ሳይጨነቅ ሊያረጅ ይችላል። ሕጉ የሚይዘው እንዳንተ ዙሪያው እርሻ የሆነውን ነው።

አንድ ነገር ግን ሳትጠብቀው እንዳይገጥምህ። 2,000 ክንድህ ሌላውን ከተማ በሙሉ ከዋጠው፣ ያ ከተማ እንደ አራት ክንድ ብቻ ተቆጥሮልህ ከዚያም አልፈህ መሄድ ትችላለህ። ልክህ ከተማው መሃል ላይ ካለቀ ግን እዚያው ትቆማለህ። ስለዚህ በዚያው ሰንበት የአጎትህ ልጆች ሞሻቫችሁን ሁሉ ሲዞሩት አንተ የእነሱን ከተማ ግማሹን እንኳ ላታይ ትችላለህ። አድልዎ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ነው።

የአጎትህ ቤት ከወሰንህ ውጭ ከሆነ መፍትሔው ኤሩቭ ትሁሚን ነው። ከተማ ዙሪያ በምሰሶ ላይ ተዘርግቶ ከምታየው ሽቦ ጋር አታምታታው፤ ያ በሰንበት ዕቃ ስለ መሸከም ነው። ይሄኛው ዓርብ ሳይመሽ በወሰንህ ውስጥ፣ ወደምትሄድበት አቅጣጫ፣ ለሁለት ማዕድ የሚበቃ ምግብ ማስቀመጥ ነው። ከውኃና ከጨው በቀር ማንኛውም ምግብ ይሆናል፤ የእናትህ ዳቦ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሰንበት ስፍራህ ዳቦው ያለበት ነው፤ 2,000 ክንዱም ከዚያ ይጀምራል። በምሥራቅ ያተረፍከውን ያህል በምዕራብ ታጣለህ። ይህም የተፈቀደው ለምፅዋ፣ ማለትም ለሃይማኖት ግዴታ ሲሆን ነው፤ ሚሽና ራሷ የምትጠቅሰው ወደ ልቅሶ ቤትና ወደ ሰርግ ቤት መሄድን ነው። ልቅሶ መድረስ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ዳቦው ሳይመሽ ቢቃጠል ወይም ተንከባሎ ከወሰኑ ቢወጣ ኤሩቭ የለህም። ከመሸ በኋላ ቢሆን ግን ኤሩቭህ ጸንቷል። ለዚህ ምሳሌ አለ፤ ጠቢቡ ራባን ጋምሊኤል በመርከብ ሲመጣ ወደቡ የደረሱት ከመሸ በኋላ ነበር። አብረውት የነበሩት ከመርከቡ እንውረድ ወይስ አንውረድ ብለው ቢጠይቁት ውረዱ አላቸው። ሲመጡ ርቀቱን እያየ ነበርና ሳይመሽ ወሰኑ ውስጥ እንደገቡ ያውቅ ነበር። ታልሙድ 2,000 ክንድ አሻግሮ የሚያይበት ቧንቧ ነበረው ይላል። ሰንበት ሲገባ የት ነበርክ ነው ጥያቄው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሰው ነፍሱ አደጋ ላይ ስትሆን ደግሞ ገመድ አይዘረጋም። ለአስፈላጊ ጉዳይ ከወሰን ለወጣም ሕጉ ይራራለታል፤ ጥንት አዲስ ጨረቃ አየን ብለው ኢየሩሳሌም የሚመጡ ምስክሮች ቀኑን ሙሉ ከአንድ ግቢ አይነቃነቁም ነበር፤ ሽማግሌው የተባለው ሌላው ራባን ጋምሊኤል በደረሱበት 2,000 ክንድ ፈቀደላቸው። ለአዋላጅ፣ ከእሳትና ከጎርፍ ሊያድን ለወጣም እንዲሁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ሲመጡ በረራው ዓርብ ተጀምሮ ሰንበትን ይዞ ነው የዋለ። ነፍስ ማዳን ሰንበትን ያስሽራል። ጎረቤትህ ምጥ ቢይዛት መኪናህን አስነሣ፤ ለማንም አትደውል፣ ለሆስፒታሉ ካልሆነ በቀር።

ስለ አያቶችህም አንድ ነገር ልበል። ሚሽናም ታልሙድም አልነበራቸውም፤ ኦሪትና መጽሐፈ ኩፋሌ ነበራቸው። ኩፋሌ ደግሞ በሰንበት መንገድ መሄድን ሲከለክል ክንድ አይቆጥርም። ስለዚህ በሰንበት ከመንደር አይወጡም ነበር፤ እሳቱ ዓርብ ይጠፋል፣ ውኃው ዓርብ ይቀዳል። ጥንትም ቢሆን አይሁድ ሁሉ በአንድ ልክ አልሄዱም፤ የቁምራን ሰዎች ለሰው 1,000 ክንድ ብቻ ሲፈቅዱ ከብት ለሚያሰማራ 2,000 ሰጥተዋል። አያትህ ዛሬም በሰንበት ከግቢዋ ካልወጣች "ሕጉ ይፈቅድልሻል" እያልክ አታድክማት። አንተም የእሷን አጥር ተከትለህ አጎትህን ያለ ጠያቂ አታስቀር።

በል እንግዲህ ሐሙስ ማታ ራቢህን አግኘው። በሞሻቩ የመጨረሻ ቤትና በከተማው የመጀመሪያ ቤት መካከል ያለውን አብራችሁ ተመልከቱ፤ ወሰኑን ከዚህ በፊት ያስለካ ሰው አይጠፋም። ኤሩቭ ካስፈለገህ ዳቦውን ዓርብ ከሰዓት፣ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ሳይሆን በቀላሉ የምትደርስበት ቦታ አኑረው፤ ባርከህም የምታኖርበትን ምክንያት በቃልህ ተናገር። ቅዳሜ ማለዳ ከጸሎት ስትወጣ ሳትዘገይ ተነሥና ሂድ፤ አጎትህ ምሳውን ብቻውን እንዳይበላ።