ሳይጠቀሙበት የሚያከብሩት፦ የስላክዌር ዝናና የምስክርነት ጥያቄ

አንድን ነገር በራሱ እጅ ሳይሞክር የሚያወድስ ሰው ምስክርነቱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ ስላክዌር በኮምፒውተር ባለሙያዎች ዘንድ ያገኘው ዝና ይህንኑ ጥያቄ በግልጽ ለመመርመር ይመቻል። ስላክዌር የሊኑክስ ስርጭት ነው፤ የሊኑክስ ስርጭት የሚባለውም ሊኑክስ የተሰኘው ከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላት ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው የስርዓተ ክወና እምብርት፣ ከሌሎች አስፈላጊ ፕሮግራሞች ጋር ተሰናድቶ የሚቀርብበት ጥቅል ነው። አሜሪካዊው ፓትሪክ ቮልከርዲንግ በሚኒሶታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ያወጣው ይህ ስርጭት፣ እስካሁን ከዘለቁት ስርጭቶች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ነው፤ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች፣ በአክብሮት የሚያነሡት ግን ብዙዎች ናቸው።

የዝናው ምንጭ አሠራሩ ነው። አብዛኞቹ ስርጭቶች አንድ ፕሮግራም ሲጫን እርሱ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፕሮግራሞች ራሳቸው ፈልገው ያመጣሉ፤ የስላክዌር የመጫኛ መሣሪያ ግን ይህን ጥገኝነት ስለማይከታተል፣ የጎደለውን የማወቅና የማሟላት ኃላፊነት በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የኅትመት አገልግሎት አብሮ እንዲጀምር የሚፈልግ ሰው፣ ለዚሁ ተብሎ ለተቀመጠው አጭር የትእዛዝ ፋይል የመሥራት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱን ከነፈገው ፋይሉ በቦታው ቢኖርም አገልግሎቱ አይጀምርም። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ከፍቶ ለሚያነበው የሚሰወር ነገር የለውም፤ ስላክዌርን የተማረ ሊኑክስን ተማረ የሚለው አባባል በባለሙያዎች መካከል የተሰራጨውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አባባሉን ከሚደግሙት መካከል እንዲህ ያለውን ፋይል አንድ ቀን እንኳ ከፍተው የማያውቁ ይገኙበታል።

አርስቶትል «ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ክብር ከሚቀበለው ይልቅ በሚሰጠው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ የሕይወት የመጨረሻ ግብ ሊሆን አይችልም ሲል ይከራከራል፤ ሰዎች ክብርን የሚሹት ስለራሳቸው በጎነት እርግጠኛ ለመሆን በመሆኑም፣ ከአስተዋዮችና በቅርብ ከሚያውቋቸው ሰዎች እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ ይላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ከማያውቅ ሰው የሚመጣ ክብር ከማያውቅ ሰው ከሚመጣ ንቀት ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሌሎች ስርጭቶች ከፍ ያለ የእትም ቁጥር ይዘው በመገኘታቸው ስላክዌር ኋላ የቀረ የሚመስላቸው ሰዎች ስለበዙ፣ ቮልከርዲንግ ቁጥሩን ከ4.0 በቀጥታ ወደ 7.0 አሻገረው። እትም 14.2 በ2016 ወጥቶ እትም 15.0 እስከ የካቲት 2022 ሲዘገይም፣ በሙከራ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ እየታደሰ ሳለ ስርጭቱ አከተመለት የሚል ወሬ ይሰማ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ፍርዱ የተሰጠው ከቁጥርና ከቀን በመነሣት እንጂ ሥራውን በመመርመር አልነበረም።

በሌላ በኩል ማንም ሰው የሚያምነውን ሁሉ ራሱ ሊፈትን ስለማይችል፣ የሌላውን ምስክርነት በጅምላ መጣል እውቀትን ራሱን ማፍረስ ይሆናል። መፍትሔው ምስክርነቱ የሚደርስበትን ወሰን መለየት ነው፤ አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ መርሕ ጸንቶ መሥራቱ ለውጭ ተመልካችም የሚታይ በመሆኑ፣ ስላክዌርን ያልጫነ ሰው ስለ ጽናቱ ቢመሰክር ሐሰት አይሆንበትም፤ አስተማማኝነቱንና አመቺነቱን ግን አብሮት የከረመ ብቻ ያውቃል።

ከእውቀት ቀጥሎ የሚመጣው የግዴታ ጉዳይ ነው። ቮልከርዲንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ገንዘብ እንዳጠረውና፣ ሰዎች እርሱን የደገፉ እየመሰላቸው ዲስክ ከሚገዙበት መደብር ገቢ እየደረሰው እንዳልሆነ በይፋ ሲገልጽ፣ ያ ሁሉ ዝና እንጀራ እንዳልሆነለት ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ በርካታ ተጠቃሚዎች በቀጥታ ይለግሱት ጀመር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ቢባልም፣ በሕይወት ያለ ሠራተኛ በስም ብቻ አያድርም፤ ከአክባሪው ጊዜም ሆነ ገንዘብ የማይጠይቅ ክብር ለተከባሪው የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ስላክዌር ለጽናቱና ለግልጽነቱ የተሰጠው ክብር የሚገባው ነው፤ ስለሌላው ባሕርዩ መመስከር ግን የተጠቃሚው ድርሻ ነው። ከሩቅ የሚያከብረው ባለሙያ ወይ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ይሞክረው፣ ወይ ለሠሪው ድጋፍ ያዋጣ፣ አለዚያም ውዳሴውን በሚያውቀው ልክ ይወስን።