በመነሻና በመድረሻ መካከል

የመንገድ ነዳፊ ካርታውን ሲዘረጋ አስቀድሞ የሚያያቸው ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ መነሻና መድረሻ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ለእርሱ ርቀት ነው፤ በኪሎ ሜትር ይለካል፣ በጠጠርና በአስፋልት ይተመናል። በዚያ ርቀት ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን ቦታው ርቀት አይደለም፤ ቤቱ ነው፣ እርሻው ነው፣ የአባቱ መቃብር ነው። እንግዲህ የመንገድን ግብረገብ ለመመርመር የሚነሳ ኅሊና መጀመር የሚገባው ከጫፎቹ ሳይሆን ከመሐሉ ነው።

እንፍራንዝ የመሐል ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ፣ ማክሰኚት ከመድረሱ በፊት ያገኘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያልፈዋል እንጂ አይቆምበትም። በአቅራቢያው ባለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቁልቁል ወደ ጣና እያየ ቆሟል። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ የጎንደር ግንቦች ከመታነፃቸው በፊት አገሩ የነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረም ይመሰክራል። ቦታ መሐል ሆኖ አይፈጠርም፤ መሐል የሚያደርገው የመንገዱ አቅጣጫ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አፄ ኢያሱን ለማከም ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ፣ በእንፍራንዝ ባሪያና ዝባድ ይነገድ እንደ ነበር ጽፏል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው መቶ ዓመት፣ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ ከአክሱም አገር የተሰደደ አንድ ሊቅ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ መጽሐፍ እየገለበጠ ይኖር ነበር። (የሐተታው ደራሲ ማን እንደ ሆነ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ካነሳ ወዲህ ሊቃውንት እየተከራከሩበት ነው፤ ክላውድ ሰምነር ለዘርዓ ያዕቆብ ቆመው ተሟግተዋል። የደራሲነቱ ጉዳይ የትም ይውደቅ፣ ሐሳቡ እንፍራንዝን ቤቱ አድርጓል።) ሐተታው ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥና መለወጥን አጥብቆ ያወግዛል፤ ሰዎች ሁሉ በፍጥረታቸው እኩል ናቸውና። ባሪያው እየተነዳ የገባባትና ፈላስፋው ሸሽቶ የተጠጋባት ከተማ አንዲት ናት። መንገድ የሚሸከመውን አይመርጥም።

ይህን እውነት ከማንም ይልቅ በመራራ ሁኔታ የቀመሱት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። መድፉ ያለ መንገድ አይሄድም፤ መንገድ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ሠራዊቱን እያሠሩ፣ ቋጥኙን በባሩድ እያፈረሱ፣ ዋድላንና ደላንታን በሚለየው ጥልቅ ሸለቆ ቁልቁለቱንና አቀበቱን ጠረጉ። በኋላ የተመለከቱት የእንግሊዝ መኮንኖች እንኳ የሥራውን ብርታት አድንቀው ጽፈዋል። ገዥ በገዛ እጁ ድንጋይ የተሸከመበት መንገድ በአገራችን ታሪክ ስንት ይገኛል?

ይሁን እንጂ መንገዱ የተጠረገው ለአንድ መድፍ ነው። ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ ያውጣበት ተብሎ አልታሰበም፤ ገበሬውማ በዘመቻና በዘረፋ ተሟጦ ነበር፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጥላለች። የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ በዚያ ሸለቆ የወረደውና የወጣው ንጉሡ በጠረጉት መንገድ ነበር። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ቀረ፤ መንገዱ ጠላትን አደረሰ። ብርታቱ ሊነቀፍ አይችልም፤ የጎደለው ሌላ ነው። መንገዱ በመሐሉ የሚኖር፣ የእኔ ነው ብሎ የሚጠብቀው ሰው አልነበረውም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት ሊማሊሞ ላይ የሠራው መንገድ ደግሞ ለሠራዊት ተሠርቶ፣ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ለነጋዴውና ለሕመምተኛው ቀርቷል። የሠሪው ክፋት በዚህ አይሰረዝም።

የዛሬው ጥያቄ ግን መልኩ ልዩ ነው። የፍጥነት መንገድ ከቀድሞው መንገድ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ በአጥሩም ነው። አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘውና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ ስድስት ረድፍ መንገድ እግረኛ አይሄድበትም፣ ጋሪ አይነዳበትም፣ ከብት አያቋርጠውም፤ መግቢያና መውጫው የተወሰነ ነው፤ ለማለፍም ይከፈላል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ አጥር የሌለው ፍጥነት እልቂት ነው። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ለቀሩት ሰዎች የቃሉ ትርጉም ተገልብጧል፤ ማገናኛው ድንበር ሆኗል። በዱከምና በሞጆ፣ በአሮጌው መንገድ ዳር፣ በመንገደኛ እግር ላይ የተመሠረተ ኑሮ ነበር። በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍ ሰው ሻይ አይጠጣም።

ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድም እየሰፋ ነው። በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገ አጥር ያለው መንገድ በጣና ምሥራቅ እስከ ጎንደር ተዘረጋ እንበል። እንፍራንዝ መውጫ ይኖራታል? ከብቱ ወደ ውኃ የሚወርድበት፣ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍበት መሻገሪያ ከስንት ስንት ርቀት ይሠራል?

«የብዙኃኑ ጥቅም ይቀድማል» የሚለው መልስ ዝግጁ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተጭና ገደል ለገደል የምትጓዝበት አገር መንገድን አቃልሎ የሚናገር ፈላስፋ አያስፈልገውም። ከሜዳው ያመረተውን ሳይበላሽ ገበያ ለማድረስ የሚጓጓው ራሱ ገበሬው ነው። ጥያቄው ብዙኃን የሚባሉት እነማን ናቸው፣ ቆጣሪውስ ማን ነው የሚል ነው። በመነሻና በመድረሻ ያሉት ብቻ ከተቆጠሩ ሒሳቡ ሁልጊዜ ትክክል ይመጣል።

ሕጉ በዚህ ረገድ እየተሻሻለ መጥቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ፣ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈል አዟል። የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ከመሬቱ ለሚነሳ ገበሬ የአሥር ዓመት ገቢ አሰበ፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከፍ አደረገው። ለመካስ የሚቀለው ግን የሚመዘነው ነው፤ ጤፉ፣ ሽምብራው፣ የቤቱ ግድግዳ። ዕድሩስ? ልጅ ሲታመም በሌሊት የሚጠራው ጎረቤትስ? የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ አስቧል፤ እነዚህን ግን በገንዘብ በእውነት መተመን ይከብዳል።

እዚህ ላይ ቃል ሥራው የሆነ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በእንዲህ ያለ ሥራ ይዞታውን የሚለቅ ሰው በቢሮ ቋንቋ «የልማት ተነሺ» ይባላል። ትናንት ገበሬ፣ አናጺ፣ መሪጌታ፣ ጠላ ነጋዴ የነበረ ሁሉ በአንድ ቀን ተነሺ ይሆናል፤ የሚታወቀው በኖረበት ሳይሆን በሚለቅበት ነው። ተነሺ የተባለ ሰው መቼ እንደሚነሳ ይነገረዋል እንጂ መንገዱ በየት ይለፍ ተብሎ አይጠየቅም። ቃሉ ጥያቄውን አስቀድሞ ዘግቶታል።

በሐተታው ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ የሀብቱን ቤት አገልጋይ ኂሩትን ሊያገባ ሲፈቅድ፣ ከእንግዲህ አገልጋይ ተብላ እንዳትጠራ ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና። ትዳሩ ከመጀመሩ በፊት ስሟ እንዲስተካከል ፈለገ። ይህ የሆነው እዚያው እንፍራንዝ፣ የነጋዴ ቅፍለት በሚያልፍበት ከተማ ነው።

አንድ ቀን በዚያ ሜዳ ችካል ሊተክል የሚመጣ ቀያሽ መጀመሪያ የሚያገኘው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጁ በሐምሌ ውኃው የሚተኛበትን ያውቃል፤ ጥቁሩ አፈር በበጋ የሚሰነጠቅበትን፣ ጥጃ የሚሰጥምበትን፣ ሴቶች እንስራ ይዘው የሚያቋርጡበትን ያውቃል። ቀያሹ መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ ጎንደር ይመለከታል።