መልስ መስጠት መርዳት ነውን?

ሒሳብ አስጠኚ ነበርኩ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዞ ሒሳብ ማስጠናት የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ለመጽሔት የሚጻፍ መጣጥፍ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ይሆንልኝ ስለነበር፣ ደሴ ተቀምጬ ኮምቦልቻ የሚኖር የአንድ ነጋዴ ልጅ እንዳስጠና ስጠየቅ አላንገራገርኩም።

ጊዜው ጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ልጁ ዕድለ ቢስ ከሆነ የተማሪ ትውልድ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ጦርነቱ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ። የቀረው ጊዜ ጥቂት፣ ያልተነካው ምዕራፍ ብዙ ነበር። አባትየው «ልጄ እንዳይወድቅብኝ» አሉኝ። ልጁ «ቲቸር፣ መልሱን ብቻ ያሳዩኝ» አለኝ። እኔም ሁለቱንም ደስ አሰኘሁ። በሳምንት ሁለት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ የቤት ሥራውን ከላይ እስከ ታች እሠራለሁ፤ መኪና ሳይጠፋ ሽቅብ ወደ ደሴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን የገጠመን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከ1 ጀምሮ ኢተጋማሽ ቁጥሮችን በተርታ ብንደምር፣ ድምሩ ምንጊዜም የቁጥሮቹ ብዛት በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጥ። 1 እና 3 ሲደመሩ 4 ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት። 5 ሲጨመር 9 ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ሦስት። 7 ሲጨመር 16፤ አራት ጊዜ አራት። ነገር ግን ከፍ ያለው ሒሳብ «እስካሁን ልክ መጥቷል» የሚል ማስረጃ አይቀበልም። ሺህ ጊዜ ልክ የመጣ ነገር በሺህ አንደኛው ሊከዳ ይችላልና። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንዱ እውነት መሆኑን ታሳያለህ፤ ቀጥለህ፣ ለአንድ ብዛት እውነት ከሆነ ለተከታዩም እውነት መሆኑ የግድ እንደሆነ ታሳያለህ። የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ከረገጥክና ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገር ከቻልክ፣ የማትደርስበት ደረጃ የለም። ዘዴው ኢንዳክሽን ይባላል።

በአምስት መስመር ጽፌ ሰጠሁት። ልጁ ወረቀቱን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «አሠራሩ ገብቶኛል። ግን በዚህ መጀመር እንዳለብዎት እንዴት አወቁ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው። «ዝም ብለህ ገልብጥ፤ ፈተና ላይ ይመጣል» አልኩት።

ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲነገር፣ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ልጅ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንገናኝ ግን አልተቀየመኝም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አመሰግናለሁ ቲቸር፤ ሁሉንም ይሠሩልኝ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዚያ ሁሉ ውድቀት ተጠያቂዎቹ አስጠኚዎች ናቸው አልልም። እኔ የምጠይቀው የራሴን ድርሻ ነው። ለመሆኑ ያን ልጅ ረድቼዋለሁን?

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕላቶ «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ጂኦሜትሪ ካልተማረ አንድ ባሪያ ልጅ ጋር ያነጋግረዋል። ጎኑ 2፣ ስፋቱ 4 የሆነ ካሬ ይቀርባል። እጥፍ ስፋት ያለው ካሬ ጎኑ ስንት ይሆን? ልጁ ሳያመነታ «4» ይላል። ሲታይ ስፋቱ 16 ሆነ። «እንግዲያው 3» ይላል። ይኸም 9 መጣ። በመጨረሻ አላውቅም ሲል አመነ። ሶቅራጥስ ወደ ባልንጀራው ዞር ብሎ፣ ልጁን በማደናገራችን ጎዳነውን? ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ በጥያቄ እየመራ የካሬው ሰያፍ መስመር ላይ ያደርሰዋል። በዚህ የመጨረሻ ክፍል የልጁ ቃል አብዛኛው «አዎን» ስለሆነ፣ ሶቅራጥስም መልሱን በጥያቄ ጠቅልሎ አቀበለው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው ተገቢ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የጨዋታው መካከል ነው፦ ልጁ ሁለት ጊዜ ሲሳሳት ያ አዋቂ ሰው ታገሠው።

ሩቅ ምን አስኬደን? በእኛው የቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ መምህሩም የጎበጠውን ያቀናለታል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የመምህሩ እርማት የሚመጣው ተማሪው ሲደክም ከዋለ በኋላ ነው። ባዶ እጁን ለመጣ ተማሪ የሚቀና ነገር የለውም።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ይታይ ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ያቀርባል፤ «እስኪ ሞክሩት» ይላል፤ እርሳሳችንን ሳናነሣ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። እጅ ቢያወጡ አያይም። ሊጠየቅ የማይችል መምህር ነበር።

በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የደረሱልኝ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ያንኑ የኢተጋማሽ ቁጥሮች ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። እርሳቸው እርሳስ አላነሡም፤ አንድ እፍኝ ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። አንድ ፍሬ አስቀመጡ። ሦስት ፍሬ በጎንና በጎን ዙሪያውን አስጠጉ፤ ካሬ ሆነ። «አምስቱን አንተ አስጠጋ» አሉኝ። አስጠጋሁ፤ አሁንም ካሬ ሆነ። «ሁልጊዜ ካሬ የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብለው ሽምብራውን ሰጥተው ሸኙኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ነገሩ በራልኝ። ጎኑ ሦስት ለሆነ ካሬ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ፣ አንድ ደግሞ በማዕዘኑ ያስፈልጋል፤ 7 ማለት ነው፣ ተከታዩ ኢተጋማሽ ቁጥር። መሰላሉ ያ ነበር። በሩጫ ሄጄ ስነግራቸው «በል አሁን ጻፈው» አሉኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ ይህ ነው። ለኮምቦልቻው ልጅ አምስቱን መስመር ሰጠሁትና ሽምብራውን ለራሴ አስቀረሁ።

ይሁን እንጂ ነገሩን እዚህ ላይ ብዘጋው ውሸት ይሆንብኛል። እኔ ሁለት ቀን የነበረኝ ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ታናናሾቿን የምታስተኛ ልጅ ሁለት ቀን ከየት ታመጣለች? እርሷን «ራስሽ ድረሺበት» ማለት ምክር የሚመስል ጭካኔ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪ የሚሸነፈው ገና ሒሳቡ ጋ ሳይደርስ ነው፤ የጥያቄውን ቋንቋ መፍታት ደግሞ መልስ መስጠት አይደለም። አንዳንዴም ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ካላዩ መጀመሪያውን እንኳ መገመት አይቻልም። ሽምብራውን የዘረጉት እኮ ጋሼ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ልዩነቱን በሰጠነው መጠን ብቻ መለካት አይቻልም። ልዩነቱ ተማሪው «ለምን?» ሲል ቆመን በመስማታችንና ባለመስማታችን ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ መልሱን ከነአሠራሩ ማግኘት ይቻላል። ቴሌግራም ላይም የተሠራ ወርክሺት ሞልቷል። መልስ እንደ ጨው ረክሷል። አስጠኚ ዛሬ ሊሸጥ የሚችለው ውድ ነገር ቢኖር ትዕግሥቱን ነው። እኔም የተከፈለኝ ለእርሱ ነበር፤ የሸጥኩት ግን መልስ ነው። ከዚያ ቤት በየወሩ የተቀበልኩት ገንዘብ ሐቄ ነበር ለማለት እስከ ዛሬ አፌ አይደፍርም።

ያ ልጅ ይህን መጽሔት ያነብ እንደሆነ አላውቅም። ቢያነብ ግን የዚያን ዕለት ጥያቄውን ዘግይቼም ቢሆን ልመልስለት። በዚያ መጀመር እንዳለብኝ በራሴ ብልህነት አላወቅሁትም። አንድ ሰው ጥያቄዬን ሰምቶ፣ ሽምብራ ሰጥቶ፣ ሁለት ቀን ስለጠበቀኝ ነው። አንተን ግን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ አልጠበቅሁህም።