ለሁለት ሳምንት የተነገረ ቃል

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አባባሉ የተነገረው ጽሑፍን ለማመስገን ነው፤ በመዝገብ መካከል የሚውል ሰውም እውነትነቱን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ አንዲት ደብዳቤ ስትጠፋ አንድ ሰው መብቱን ያጣልና። ይሁን እንጂ አባባሉ የሚያውቀው የሚረሳውን ቃልና የሚወረሰውን ጽሑፍ ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም በጽሑፍ ሰፍሮ ሳለ እንደ ቃል ይረሳል ተብሎ የተነገረው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ተናጋሪው ሳያውቅ አንሥቶ ለትውልድ ማውረስ ይገባልን? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ እኔው ራሴ የሠራሁት ሥራ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ ሁለት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእነርሱ ኮምፒዩተር ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ጋር በስልክ መስመር መልእክት የሚለዋወጥበትን መንገድ አሰቡ። በተከታዩ ዓመት ሥራ የጀመረው ይህ ዘዴ ዩዝኔት ተባለ። ዩዝኔት አለቃም ዋና መሥሪያ ቤትም የለውም። አንድ ሰው የጻፈው መልእክት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እየተቀዳ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም የራሱን ቅጂ ይይዛል። ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህል የሚወራባቸው ጉባኤያት ኒውስግሩፕ ይባሉ ነበር። በዚያን ዘመን የኮምፒዩተር ማስቀመጫ ቦታ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፣ መልእክቱ ጥቂት ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ለአዲሱ ቦታውን ለቅቆ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ የሚጽፍ ሰው ስሜቱ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰው ሳይሆን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እንደሚከራከር ሰው ነበረ። ይቆጣል፣ ይቀልዳል፣ ይሳሳታል፤ ነፋሱም ይወስደዋል።

ነገር ግን ነፋሱ ሁሉንም አልወሰደውም። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ሄንሪ ስፔንሰር የሚባል ባለሙያ ከ1981 እስከ 1991 ድረስ መልእክቶቹን በማግኔት ቴፕ እየቀዳ ያስቀምጥ ነበር፤ ቴፖቹም 141 ሆኑ። በ1995 ደግሞ ዴጃ ኒውስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመና ጉባኤያቱን በብራውዘር በኩል ለማንም ከፈተ። አስቀድሞ ወደዚያ ለመግባት ልዩ ፕሮግራም፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር፣ ከሁሉም በላይ የጉባኤውን ልማድ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ እንግዳ ሰው የጸሐፊውን ስም ብቻ ጽፎ፣ ያ ሰው በየጉባኤው የተናገረውን እንደ ጥሬ ለቅሞ መሰብሰብ ቻለ። ጉግል ይህን ክምችት በየካቲት 2001 ገዛው፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የስፔንሰርን ቴፖች ጭምር አክሎ ከሰባት መቶ ሚሊዮን የሚበልጡ መልእክቶችን ለሕዝብ ከፈተ። በየካቲት 2024 አዲስ መልእክት በእርሱ በኩል እንዳይገባ ዘጋ፤ አሮጌው ግን አሁንም በስም እየተፈለገ ይነበባል።

ጠባቂዎቹን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ቲም በርነርስ ሊ ድርን፣ ማለትም ዛሬ በብራውዘር የምንገባበትን ዓለም፣ በነሐሴ 1991 ለሕዝብ ያስታወቀው በአንድ ኒውስግሩፕ ነው። በዚያው ወር አንድ የፊንላንድ ተማሪ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ለጨዋታ ያህል የሚሠራው ሥራ መኖሩን በሌላ ኒውስግሩፕ ነገረ፤ ያ ጨዋታ ሊኑክስ ሆኖ ዛሬ የዓለምን ኮምፒዩተሮች ብዛት ያለውን ክፍል ያንቀሳቅሳል። እነዚህ ቃላት ቢጠፉ ኖሮ የዘመናችን ታሪክ መጀመሪያው ገጽ በተቀደደ ነበር። ጉባኤውን የከፈተው በር ራሱ መወለዱ የተነገረው በዚያው ጉባኤ ውስጥ መሆኑ ያስገርመኛል።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርሁበት መሥሪያ ቤት ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል አማካሪ ይፈለግ ነበር። ከዕጩዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው ብዙ ዘመን ቆይተው የተመለሱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ምሁር ነበሩ። የዕጩዎቹን ታሪክ አጠናቅሬ ለኮሚቴው እንዳቀርብ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። የሰውየውን ስም በብራውዘር ስፈልግ በ1990 የጻፉት አንድ መልእክት ወጣ። በዚያ ዓመት አገራችን በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። መልእክቱም፣ በአገር ቤት ተቀምጠው መንግሥትን የሚያገለግሉ ሠራተኞች በሙሉ ኅሊናቸውን በወር ደመወዝ የሸጡ ናቸው ይላል።

አባቴ በዚያን ጊዜ የአንድ ጤና ጣቢያ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኅሊናቸውን ሸጡበት የተባለው ደመወዝ አራት ልጆች አሳድጓል።

መልእክቱን በወረቀት አትሜ ከመዝገቡ ጋር አያያዝሁት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ ኮሚቴው ሙሉ መረጃ ማግኘት አለበት የሚል ነበር፤ ምክንያቱ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነበር። ሰውየው አልተመረጡም። ያ ወረቀት ያመጣው ይሁን ሌላ ነገር የነገረኝ የለም፤ ቃለ ጉባኤውም ዝም ይላል።

ከወራት በኋላ በአንድ ልቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀመጡ። መሸሽ አልቻልሁም። «ጋሼ፣ የ1990ውን ጽሑፍዎን መዝገቡ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ያን የጻፍሁት የታናሽ ወንድሜን መርዶ በሰማሁ ማግሥት ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚጠፋ ነገር ነበር። ካነበቡት መካከል አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ የአገሬ ልጅ ነበረና ተጣላን። ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ አልሁት፤ እርሱም አነሣኝ። ጥፋቴ ምን መሰለህ? ስድቡን በጽሑፍ፣ ይቅርታውን በቃል ማድረጌ ነው።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ነገሩን በልዩ ልዩ መንገድ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ክርክር፣ በአደባባይ የተናገረ ሰው የሚደበቅበት ምክንያት የለውም የሚለው ነው። ክርክሩ ብርቱ ነው። ሆኖም አደባባይ ራሱ መጠን አለው። በገበያ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ለዚያ ቀን ገበያተኛ ተናግሯል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁን ሊድር ሽማግሌ በላከበት ቤት ይደገምልኝ አላለም። ብራውዘሩ ከቃሉ አንዲት ፊደል አልለወጠም፤ የለወጠው በሩን ነው። በሩ በተለወጠ ጊዜም አድማጩ፣ ጊዜውና ዳኛው ሁሉ ተለወጡ። ከዚህም የባሰው፣ ክምችቱ የሚይዘው የተጻፈውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ጠቡን ሲያስቀምጥ እርቁን አያስቀምጥም። በአገራችን ልማድ ደግሞ እርቅ በአብዛኛው የሚፈጸመው በአፍና በጉልበት ነው። በሽማግሌ ፊት ያለቀን ነገር መልሶ መቀስቀስም ትልቅ ነውር ነው። እኔ ያን ነውር ሳላውቀው ፈጸምሁ፤ አለማወቄ ግን ሳልጠይቅ በመቅረቴ የመጣ ስለ ሆነ ከወቀሳ አያድነኝም።

ሕግ ይህን የሰው ደካማነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ የሚጠይቅበትን ጊዜ በሁለት ዓመት ወስኗል፤ ይርጋ የምንለው ይህን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በግንቦት 2014 በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ሰው በስሙ ሲፈለግ የሚወጣ ጊዜው ያለፈበት ነገር ከፍለጋው ዝርዝር እንዲነሣለት መጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ልብ በሉ፤ ፍርዱ ጽሑፉ ካለበት ስፍራ ይጥፋ አላለም፤ በስሙ በኩል የሚያስገባው በር ይዘጋ አለ እንጂ። ልዩነቱ ትክክለኛ ይመስለኛል። ስለ አንድ ዘመን ለማወቅ የሚገባና አንድን ሰው ለማጥመድ የሚገባ ሰው ያንኑ ወረቀት ያነባሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቸግረኛል። ያ የ1990 መልእክት ስድብ ባይሆን፣ ሰው ይገደል የሚል ጥሪ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? እንዲህ ያለው ቃል ይርጋ ሊኖረው አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ የተገደለው ሰው ዘመድ ሁለት ሳምንቱ አልፏል ቢባል አይሰማም። በስድብና በእንዲህ ያለው ጥሪ መካከል ያለውን ድንበር ግን በገመድ ለክቶ የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የእኔ ጉዳይ ከድንበሩ እጅግ የራቀ እንደ ነበረ ብቻ አውቃለሁ። አባቴም ነገሩን ስነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ወንድሙ የሞተው የት ግንባር ነው?» ብለው ነው።

ከመዝገብ ውስጥ ሰነድ ቀዶ ማውጣት ክልክል ነው፤ ክልክል መሆኑንም እደግፋለሁ። ስለዚህ የሰውየውን ፈቃድ ጠይቄ፣ መልእክቱ የተጻፈበትን ቀን፣ በምን ሐዘን እንደ ተጻፈና በእርቅ ማለቁን የሚገልጽ አንድ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ ቀኑንና ፊርማዬንም አኖርሁበት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ከወረቀቱ ጀርባ አያያዙት። የወረቀቱ የገጽ ቁጥር 17 ነው፤ የማስታወሻው 18።