እጅ፥ አንደበትና ልብ



ሰው በገዛ እጁ አውታር እየመታ በገዛ አንደበቱ ሲዘምር ስናይ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። እጁም አንደበቱም የአንድ ሰው ናቸውና እንዴት ይጣላሉ እንላለን። ነገር ግን ጊታር አንሥቶ የሞከረ ሁሉ እንደሚጣሉ ያውቃል። ከዚህም ከትንሹ ጠብ በስተኋላ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም፥ ልቡ ያልደረሰበትን ምስጋና በአፉ የሚዘምር ሰው እግዚአብሔርን ያከብራልን ወይስ ይዋሻል? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በቱነይድባ አንድ ወጣት ጠየቀን እንጂ።

ስለ ቦታው አስቀድመን ጥቂት እንናገር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ። ብዙዎቹ የተከዜን ወንዝ በሐምዳይት በኩል ተሻገሩ፤ ከዚያም በገዳሪፍ ግዛት ወዳለው ወደ ኡም ራኩባና በዚያው ዓመት ወደ ተከፈተው ወደ ቱነይድባ ሰፈር ተወሰዱ። የገዳሪፍ ምድር ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምትም እግር የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ከሑመራ የመጣ ገበሬ በዚያ የሰሊጥ እርሻ ባየ ጊዜ ትቶት የመጣው የራሱ እርሻ ትዝ ይለው ነበር። ምድሪቱ እንግዳ ሆና ሳለ የአገሩን መልክ ታሳየዋለችና፥ ኀዘኑ በዚህ ይብስ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጥቂት ሳምንታት በቆየንበት ጊዜ፥ ዕድሜው ሃያ ዓመት የሚሆን አንድ ወጣት አሮጌ ጊታር ይዞ መጣ። ከስድስቱ አውታሮች አንዱ ስለ ተበጠሰ፥ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ዘለላ ፈትቶ ተክቶበታል። «ቄስ፥ እጄ ሲመታ ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ቃሉን ስይዝ ደግሞ እጄ ይቆማል። ምን ይሻለኛል?» አለን። እኛም በሴሚናሪ ሳለን በዚሁ ችግር አልፈን ስለ ነበር የምናውቀውን ልናሳየው አብረነው ተቀመጥን።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ቀኝ እጅ የሚመታው እኩል እኩል ነው፤ አይፈጥንም፥ አይዘገይም። የመዝሙር ቃል ግን አንዱ ይረዝማል፥ ሌላው ያጥራል፤ አንዳንዱም ከምቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ ጀማሪው አፉን በከፈተ ጊዜ እጁ የራሱን ምት ትቶ ቃሉን ሊከተል ይሞክራል። በዚህም ላይ ግራ እጁ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ኮርድ በሚዛወርበት ጊዜ ዓይኑ ወደ ጣቶቹ ይሄዳል፤ ልቡናውም ዓይኑን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንደበቱ ባለቤቱ እንደ ወጣበት ቤት ባዶ ይቀራል። የሰው ልቡና ሁለት አዳዲስ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ሊጠብቅ አይችልምና።

መድኃኒቱም ልቡናን ለሁለት መክፈል አይደለም፤ ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን የልቡና ጥበቃ እስከማያስፈልገው ድረስ መለማመድ ነው እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ኮርድ ብቻ ይዞ፥ ምንም ሳይዘምር፥ መንገደኛ ሰላም ቢለው ምቱን ሳያቋርጥ መልስ ለመስጠት እስኪችል ድረስ እንዲመታ ነገርነው። ቀጥሎ ዜማውን አፉን ዘግቶ እንዲያንጐራጕር፤ ከዚያም ቃሉን ያለ ዜማ በምቱ ላይ እንዲናገር፤ በመጨረሻም ከሚወደው ፍጥነት በእጅጉ ዝግ ብሎ እንዲዘምር። ዜማው ለድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ በጊታሩ አንገት ላይ እርሳስ አጋድመን በላስቲክ አሰርንለት። አውታሮቹ ሁሉ በአንድነት ከፍ አሉ፤ ጣቶቹም የለመዱትን ሳይለውጡ ድምፁ የሚመቸውን ስፍራ አገኘ።

ይህ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ክራር መቺ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን አውታሮች እያፈነ በቀኙ ሁሉን ይገርፋል፤ እንዲህ ሲያደርግ እጁን አያይም። በገናም ዐሥር አውታር አለው፤ ደርዳሪው ግን ሁሉን አይመታም፥ አንዳንዶቹ ጣቶቹ የሚያርፉባቸው ናቸው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩትን የመምህር ዓለሙ አጋን በገና የሰማ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ድርድሩ እየተመላለሰ ሲሄድ ድምፁ በላዩ በቀስታ፥ እንደ ጸሎት ይናገራል። እጁ መንገዱን ስለሚያውቅ አንደበቱ ነፃ ሆኗል። በባሕር ማዶም ማርቲን ሉተር ሉት የተባለውን፥ እንደ ጊታር በጣት የሚመታ መሣሪያ እየመታ ይዘምር ነበር። እንዲሁም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1818 በልደት ዋዜማ፥ በኦስትሪያ በኦበርንዶርፍ ከተማ፥ ካህኑ ዮሴፍ ሞር ጊታር እየመታ ከፍራንዝ ግሩበር ጋር በዘመረ ጊዜ፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ስለ ጸጥተኛዋ ሌሊት የሚናገረው የልደት መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

እንግዲህ አንድ ጠያቂ፥ «ሳያስቡ በልማድ የሚደረግ ነገር እንዴት አምልኮ ይሆናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጌታችንም በከንፈሩ የሚያከብረውን ልቡ ግን የራቀውን ሕዝብ ገሥጿል። ቅዱስ አውግስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ፥ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዜማው ልቡን ባነሣሣው ጊዜ እንደ በደለ ይቈጥረው እንደ ነበር ተናግሯል። እኛም ራሳችን አንድ እሑድ ሦስት መዝሙር መርተን ከተቀመጥን በኋላ ምን እንደ ዘመርን ለማስታወስ ሳንችል ቀርተን አፍረናል። ጣቶቻችን አልተሳሳቱም ነበር፤ ልባችን ግን በዚያ አልነበረም።

ስለዚህ ሁለቱን ልማዶች እንለይ። የእጅ ልማድ ለልብ ቦታ ይለቅቃል፤ የልብ ልማድ ግን ቦታውን ባዶ ያደርገዋል። እጅ ይልመድ፥ ልብ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ይምጣ። ወንበር የሚያንኳኳ ጠራቢ መዶሻውን ሳያስብ ቢመታ ሥራው ይሠምራል፤ የሚቀመጥበትን ሰው ከረሳ ግን ወንበሩ ይሰበራል።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ወጣቱ እየመታ መዘመር ቻለ። እኛም ነገሩ የተፈጸመ መስሎን ደስ አለን። ነገር ግን በምሽት ጸሎት ላይ የምስጋና መዝሙር በደረሰ ጊዜ እጁ መምታቱን ሳያቋርጥ አንደበቱ ዝም አለ። ከጸሎቱ በኋላ ለብቻው ወሰድነውና ጠየቅነው። «ታላቅ ወንድሜ ይኑር ይሙት አላውቅም። እናቴ በየማለዳው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ቆማ ትመለከታለች። አሁን እጄ ይመታል፥ አፌም ቃሉን ሊል ይችላል፤ ልቤ ግን አይመጣም። ብዘምር ዋሾ አልሆንምን?» አለን።

በዚያች ሌሊት መልስ አልሰጠነውም። ፈጥኖ የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ የመላሹን ጭንቀት ያቀልላል እንጂ የጠያቂውን አያቀልልም።

በማግሥቱ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ስለ ተቀመጡት ምርኮኞች የሚናገረውን መዝሙር አብረን አነበብን። እነርሱ በገናቸውን በአኻያ ዛፎች ላይ ሰቀሉ፤ የማረኳቸው ሰዎች ዘምሩልን ባሏቸው ጊዜ በባዕድ ምድር እንዴት ይሆናል አሉ። ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛው፥ አንዘምርም ያሉበት ቃል ራሱ መዝሙር ሆኖ በመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ነው። እግዚአብሔር እንቢታቸውን እንደ ስድብ አልቈጠረውም፤ ከምስጋናቸው ጋር በአንድ መጽሐፍ ጠበቀው እንጂ። ሁለተኛው፥ ኢየሩሳሌምን ብንረሳ ብለው ሲምሉ በመሐላቸው ያገቡት ቀኝ እጃቸውንና ምላሳቸውን መሆኑ ነው። አውታር የምትመታው እጅና የሚዘምረው ምላስ በደስታ አንድ መሆን ባቃታቸው ጊዜ በመታሰቢያ አንድ ሆኑ። ያ መዝሙር በፍጻሜው መራራ የበቀል ቃል አለበት፤ ወጣቱም እዚያ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። እኛም፥ ይህን ምሬት ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ ሰው ወደ ጎረቤቱ ከማድረስ ይድናል ብለን ነገርነው።

ከዚያም ለጥያቄው እንዲህ ብለን መለስን። ግብዝ ልቡ የራቀ መሆኑን ይሰውራል፤ ኀዘንተኛ ግን ልቡ መራቁን ለእግዚአብሔር ይነግረዋል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቃል ቢዘምሩም ሥራቸው አንድ አይደለም። መዘመር ያልቻልህበትን አትዘምር፤ ዝም ማለት ሐሰት አይደለም። እጅህ ግን ምቱን ይጠብቅ፤ ጉባኤውም ስለ አንተ ይዘምር። ዛሬ አንተ ለእነርሱ እጅ ትሆናለህ፥ እነርሱም ለአንተ አንደበት ይሆናሉ። በአንድ ሰው አካል የተማርኸው ነገር በጉባኤው አካልም የሚሠራ ነውና።

ወጣቱን ስናስተምር እኛን ደግሞ የሚገሥጽ ነገር አገኘን። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። በአክሱም በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ መዝሙሩ እስኪፈጸም ድረስ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አላወቁም። ይህን ታሪክ ስንሰማ የያሬድን መመሰጥ እናደንቃለን። ሕመሙን በምስጋና የረሳ ሰው በእውነት ሊደነቅ ይገባዋል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም ጦሩን ይዞ በደስታ ያደመጠው ነው። ያሬድ የራሱን ቁስል ረሳ፤ ንጉሡ ግን የሌላውን ቁስል አላየም። የራስን ሕመም መርሳት ጸጋ ሊሆን ይችላል፤ የባልንጀራን ሕመም መርሳት ግን ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ጸጋ አይባልም።

እንግዲህ በደጋው አገር በጸጥታ ተሰብስበን የምንዘምር ሁላችን፥ ልባችን ከአንደበታችን ጋር መሆኑን ብቻ አንመርምር። ስንዘምር የተደገፍንበት ነገር በማን እግር ላይ እንደ ተተከለ ደግሞ እንመርምር። በጦርነቱ ጊዜ ከየአቅጣጫው ብዙ መዝሙር ተዘምሯል፤ ዝቅ ብሎ ወደ እግር የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስንል ራሳችንን ከወቀሳው አናወጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣቱ መታ፥ አልዘመረም። አሮጊቶቹ በእርሱ ምት ዘመሩ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ የምስጋናውን መዝሙር ትቶ፥ እስከ መቼ ነው እያለ እግዚአብሔርን የሚጠይቅ የልቅሶ መዝሙር ጀመረ፤ እጁም አንደበቱም አብረው ሄዱ። እናቱ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን በፊቷ ላይ አደረገች፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ አብራው ዘመረች። ምስጋናው ገና አልመጣም ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ሐሰት አልነበረም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ራሷ ጦርነት ተነሣ፤ በገዳሪፍ የተጠጉትም ሰዎች ሁለተኛ የመሸሽ ፍርሃት ደረሰባቸው። በሽሽት ጊዜ ጊታር ይቀራል፤ አውታርም ይበጠሳል። እጅ የለመደውና ልብ በእውነት ያቀረበው ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። በየመንገዱ ያሉትን የሚጠብቅ አምላክ እጃችንን ለአገልግሎት፥ አንደበታችንን ለእውነት፥ ዓይናችንን ለባልንጀራችን ቁስል ያንቃልን። አሜን።